በፍልሰታ የተጋገረችው እንቁራሪት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

እንቁራሪት! ወይንሸት ከእኔ እንቁራሪት ፈለገች። ያውም በፍልሰታ። ያውም መርዘኛ። ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።

መልእክቱን ይዛ የመጣችው ልጇ ሕሊና ናት። እሷ ምንም አላደረገችኝም፣ እንደ ልጄ ናት። ቁልቁለቱን በጭቃ ወርዳ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና «እትዬ ስንዱ፣ እባክሽ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ውጭ አገር ጨርሳ ከመጣች ወር አልሞላትም። የተማረችው ስለ እንቁራሪት ነው። ስንት ትምህርት እያለ! ግን የሷ ነገር፣ ልጅ ሆናም ክረምት ውሃ ባቆረበት ሁሉ ተንበርክካ ነበር የምትገኘው። እሑድ ቤታቸው የምርቃት ድግስ አለ። ኬኩ ታዲያ ያቺ ያጠናቻት እንቁራሪት እንዲሆን ፈለገች። ላዩ ላይ በክሬም የተሣለች ሳይሆን ራሷ እንቁራሪቷ፣ እግርና ዓይን ያላት። ጾም ስለሆነ ደግሞ የጾም።

«የእናትሽ ኬክ ቤት እያለ?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«እዚያ ያሉት ሠራተኞች ሞክረው ነበር። ድንች አስመሰሏት።»

ሆዴ ውስጥ ከበሮ ተመታ።

«እማዬ ራሷ ናት ስንዱን ጠይቂያት ያለችኝ።» ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ግን... ለእንግዶቹ ከሱቃችን ነው እንላለን ብላለች። ቅር እንዳይልሽ።»

ቅር? እኔ? «ምን ገዶኝ የኔ ቆንጆ!» አልኳት። እሺታዬ ከመፍጠኑ የተነሳ እሷም ደነገጠች።

እስቲ ነገሩን ልጻፈው፣ ስጽፈው ደስ ይለኛል። ወይንሸትና እኔ ኬክ የለመድነው አብረን ነው፤ ፒያሳ፣ አንድ ምድጃ ፊት፣ አንድ ሽርጥ እየተዋዋስን። እሷ ባንኮኒ ላይ ስትሸጥ እኔ ሕሊናን አዝዬ ክሬም እመታ ነበር። በኋላ ተለያየን። መለያየቱ አልቆጨኝም። እሷ ቸርችል ጎዳና ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ከፈተች፣ እኔ እዚህ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ጓዳዬ ውስጥ መጋገር ጀመርኩ። ደንበኛው ታዲያ የጾም ቶርታ ሲፈልግ መስታወቱን አልፎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። የኔ ይነፋላ! የሷ ጡብ ነው። ምሥጢሩ ተልባ ነው፤ የተፈጨ ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። ይህን ወይንሸት በዓይኗ አይታለች፣ በጣቷ ነክታለች።

ከዚያ ምን አደረገች? በማርያም ማኅበራችን፣ እኔ በጉንፋን የቀረሁ ቀን፣ ሴቶቹ በሙሉ ባሉበት፣ «የስንዱ የጾም ኬክ ለምን እንደሚነፋ ታውቃላችሁ? እንቁላል ስላለው ነው» አለች። በቃ። ጿሚ ሰው አንዴ እንቁላል ሲባል ከሰማ አይመለስም። ብምል፣ ብገዘት፣ ተልባውን ይዤ ቤት ለቤት ብዞር ማን ሊሰማኝ! ማኅበሩንም ተውኩት። ከእጄ ዳቦ ሲቀበሉ አገላብጠው የሚያዩት ነገር አቃጠለኝ። ከዚያ ወዲህ የልደትና የሠርግ፣ ፍስክ ፍስኩን ብቻ እሠራለሁ። ጾም በገባ ቁጥር ምድጃዬ በረዶ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እና አሁን! እንቁላል አለው አላለችም? ይኖረዋላ። ውሸታም እንዳትባል እውነት አደርግላታለሁ። ሕፃን እንኳ በሚጾመው ጾም፣ ነፍስ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጣቷን እየላሰች ትግደፍ። በልታ ስትጨርስ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ እነግራታለሁ።

ከደስታዬ ብዛት እራቴን ረሳሁት።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

እንቁላል ገዛሁ። ሁለት። መርካቶ ወርጄ ብገዛ ምን ነበረበት? ችኩል ነኛ! እዚሁ በራፋችን ላይ ያለው ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ።

«እትዬ ስንዱ፣ ተሳሳትሽ እንዴ? ጾም አይደለም?» አለኝ። ሸምሱ ሙስሊም ነው፣ የኛን ጾም ግን ከኛ በላይ ያውቃል፤ የሚገበያየው በሱ ነዋ።

«ለፀጉሬ ነው» አልኩት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ፀጉሬን ፈለገው። ሻሽ ውስጥ ነው። «የታደለ ፀጉር! ከእኔ ልጆች ይሻላል» አለና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንደ ሽጉጥ ነጠላዬ ሥር ደብቄ ገባሁ።

ከሰዓት ሕሊና መጣች። «ይቺ ናት» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አቤት! እኔ እንቁራሪት ሲባል የማውቀው ያንን ጭቃ የመሰለውን ነው። ይቺ ግን የፒያሳ ወርቅ ቤት መስኮት ውስጥ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ጀርባዋ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ከአፍንጫዋ ጀምሮ በግራና በቀኝ ደማቅ ቢጫ መስመር ወርዶባታል። እግሮቿ ላይ ሰማያዊ ጠቃጠቆ። እንዲህ ሆና ሁለመናዋ የአውራ ጣቴን ጫፍ አያክልም። አገሯ ከውቅያኖስ ማዶ ነው፤ ደመና የማይለየው ተራራ ላይ፣ ደን ውስጥ በሚወርድ ጅረት ዳር። ሕሊና እዚያ ድንኳን ውስጥ እያደረች፣ ስትበሰብስ ከርማለች። የወርቅ ጉትቻ የጠፋባት ሴት እንኳ እንደዚያ ድንጋይ ለድንጋይ አትፈልግም።

«መርዟ የት ነው? ጥርሷ ላይ?»

«ቆዳዋ ላይ። አትነክስም፣ አታሳድድም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። የሚጎዳው የበላት ነው።»

የሚጎዳው የበላት ነው! ይቺ ልጅ ሆዴን አይታ ነው እንዴ የምታወራው?

«ዘመዶቿ አሉ፣ ከሷ የባሱ» አለች። «አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ እነሱ ጀርባ ላይ አሽተው ነው የሚወረውሩት።»

«ቀለሟስ? እንዲህ ተኳኩላ ለማን ነው?»

«ለጠላት ነው። አትንኩኝ ማለት ነው። ወፉም እባቡም ቀለሟን ካየ ይርቃታል።»

ከዚያ ቪዲዮ አሳየችኝ። እንቁራሪቷ ጀርባ ላይ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ተለጥፈዋል። ልጆቿ ናቸው አለች፤ ቅጠል ላይ ከተፈለፈሉ በኋላ ታዝለው ነው ወደ ውሃው የሚወርዱት።

«ጎበዝ እናት!»

«እናት አይደለችም። የሚያዝለው ወንዱ ነው።»

«ወንዱ? የት አገር ነው ያልሽኝ? ቪዛ ይሰጣሉ?»

ሕሊና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቷን አታውቀውም፤ ሳትወለድ ነው የጠፋው። ስትስቅ ሳያት ጀርባዬን ሞቀኝ፤ ያኔ ታዝላ ስትተኛ እንደሚሞቀኝ። ቶሎ ብዬ ወሬ ለወጥኩ። አሁን መራራት የለም። እንቁላሎቹ ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

ሸምሱ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ እንኳ መሐል ላይ ዘፈን ያሰማል።

ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ቧንቧው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ጸጥ አሉ። እማማ ድንቄ፣ የግቢያችን አዛውንት፣ ነገር ማድበስበስ አያውቁም። «ስንዱ፣ በፍልሰታ እንቁላል ገዛሽ አሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

«ለፀጉሬ ነው እማማ። እየተነቃቀለ አስቸገረኝ።»

«እኔ ምን አልኩሽ? የሰው አፍ ነው» አሉና ዝም አሉ። የሳቸው ዝምታ ከሌላው ስድብ ይከብዳል። አንዷ ወዲያ ዞራ «ለካ ያኔ የተባለው...» ስትል ሰማኋት። ደሜ ፈላ! ራሴ በሁለት እንቁላል ወይንሸትን እውነተኛ ላደርጋት! ገና ኬኩ ሳይጋገር!

ምን ላድርግ? ገባሁ፣ አንዱን እንቁላል ይዤ ወጣሁ፣ ሻሼን ፈታሁ፣ ቧንቧው አጠገብ ሁሉም እያየኝ አናቴ ላይ ሰበርኩት። በነሐሴ ብርድ! እስክደርቅ ድረስ እዚያው ቆሜ እማማ ድንቄን ስለ ቁርጥማታቸው ጠየቅኋቸው። አስኳሉ በጆሮዬ ሲወርድ እሳቸው «አይ እግዜር ይስጥሽ፣ ጉልበቴን ነው» ይሉኛል። ስታጠብ ደግሞ ውሃው ሞቅ ያለ ስለነበር እንቁላሉ ፀጉሬ ላይ በሰለ። ማበጠሪያዬ እስካሁን እንቁላል ፍርፍር ነው የሚያወጣው። ድመት ተከትላኝ ዋለች።

ግን ሴቶቹ ሳቁ። እማማ ድንቄም ሳቁ። የሳቀ ሰው ያምናል።

አንድ እንቁላል ቀረኝ። አንድ ይበቃል።

የእንቁራሪቷን ቆዳ ጀመርኩ፤ የስኳር ዱቄት፣ የተልባ ውሃ፣ ሎሚ። ቢጫውን በእርድ፣ ጥቁሩን በካካዎና በቀለም። ልጆቹን በዘቢብ። ዘቢቡ ላይ ቀጭን ጭራ ቀጠልኩበት። ቆንጆ! ለበቀል ይህን ያህል መልፋቴ ራሴን ገረመኝ፤ ግን የማይረባ ኬክ ላይማ እንቁላሌን አላባክንም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ቅዳሴ ቆምኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ አፍንጫዋን ያዝ አደረገች፤ እንቁላሉ መሰለኝ።

ስመለስ ሕሊና በር ላይ ቆማለች። የተሠራውን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሦስተኛው ጣት ብቻ ረዘም ይበል አለችኝ፤ አስተካከልኩት። አጠገቤ ተቀምጣ ዘቢብ እየሰረቀች ታወራለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ እትዬ ስንዱ? መርዙ እኮ የራሷ አይደለም።»

«የማነው ታዲያ?»

«ከምትበላው ነው። ደኑ ውስጥ ጥቃቅን ጉንዳኖችና ሌሎች ተባዮች አሉ፣ ከነሱ እየበላች ቆዳዋ ውስጥ ታጠራቅመዋለች። ሰው ቤት፣ መስታወት ውስጥ ተወልዳ ሌላ ምግብ እየበላች ካደገች ምንም መርዝ የላትም። በእጅሽ ብትይዣት ምንም አትሆኚም።»

«ቀለሟስ? ይጠፋል?»

«ቀለሟማ እንዳለ ነው። የማያውቅ ሰው ይፈራታል።»

እጄ የስኳር ሊጡ ላይ ቆመ። እኔስ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስበላ ኖርኩ? ጠዋት ወይንሸትን፣ ማታ ወይንሸትን። ያውም ጾም ፍስክ ሳልል።

ሕሊና ከሄደች በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት! ቁጥሯን አጥፍቼዋለሁ፣ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ስንዱ፣ እንደምን ነሽ?»

«ደህና ነኝ ወይንዬ። አንቺስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይኼ ኬክ... የጾም ነው አይደል?»

ገባኝ! የእንቁላሉ ወሬ ቸርችል ጎዳና ደርሷል። ከሸምሱ እስከ ወይንሸት መንገዱ ዳገት ቢሆንም ወሬ አያልበውም። ልቤ እንዴት ዘለለች!

«ወይንዬ» አልኳት፣ ማር በሆነ ድምፅ፣ «የኔ የጾም ኬክ ውስጥ ምን እንዳለ ከኔ ይልቅ አንቺ አይደለሽ የምታውቂው?»

«እሺ። እሑድ እንገናኝ» አለችና ዘጋችው።

መተው ትችል ነበር፣ ይቅር፣ አልፈልግም ማለት። አላለችም። ለሕሊና ምን ልትላት? ኬኩ ለምን ቀረ ስትባል ያን የማኅበሩን ወሬ ለልጇ ልታወራ? ተይዛለች። በአንገቷም በእግሯም።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

ስጋግር ዋልኩ። ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ሁለቴ መጣ፤ ሁለቴም ተሳደብኩ፣ ሁለቴም አማተብኩ።

ሊጡ ተበጥብጦ ሲያልቅ እንቁላሉን ከቁምሳጥን አውጥቼ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። አየሁት፤ ያየኝ መሰለኝ።

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ? ያልሰበርኩት ለወይንሸት አዝኜ አይደለም። ሕሊና ናት። ልጅቷ ባዕድ አገር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ማንም ሳያያት ፍልሰታን ጾማለች፤ ራሷ ነግራኛለች። በእጄ ላስገድፋት? እማማ ድንቄስ ተጠርተዋል። በአንድ ወይንሸት ስንቱን ሰው ላስገድፍ! ደግሞም ሥራዬን። የኔ የጾም ኬክ እንቁላል ኖሮበት አያውቅም፤ ወይንሸት ስላለች ብቻ ዛሬ ይኑርበት?

ከዚያ ሌላው ነገር መጣልኝ፣ እየሳቅሁ ቁጭ አልኩ። እንቁላሉን ብጨምር አታውቀውም፣ በሰላም በልታ ትተኛለች። ካልጨመርኩት ግን አለ ብላ ታስባለች! መርዝ አያስፈልገኝም። ቀለሟ ይበቃል።

ነገ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ ባለቤት ሳትቀምስ እንግዳ አይበላም እላለሁ። ከበላች፣ ስንዱ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው ማለቷ ነው። አልበላም ካለች፣ እንግዶቼን በፍልሰታ እንቁላል ጋበዝኩ ማለቷ ነው። ትምረጥ።

እንቁላሉን ወደ ቦታው መለስኩት። ተልባዬን ጨመርኩ። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ።

ነፋ! እንዴት ብሎ ነፋ መሰላችሁ። ለማን ነው መሰላችሁ የምለው ደግሞ፣ ማንም አያነበውም። ነፋ።


እሑድ፣ ነሐሴ 10

ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። በደስታ ነው። በደስታ ይመስለኛል።

እንቁራሪቷን በላዳ ወሰድኳት። ጭኔ ላይ፣ ትልቅ ትሪ ሞልታ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «እናት፣ በሕይወት አለች?» አለኝ። «መርዘኛ ናት፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። እንደ ሙሽራ ነዳልኝ።

ቤቱ ሞልቷል። የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ፣ እማማ ድንቄ፣ ነፍስ አባታቸው፣ የሕሊና ጓደኞች። ወይንሸት አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ አምሮባታል፤ ይሄም አናደደኝ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ጉንጯ ቀዝቅዟል።

የጾሙ ማዕድ ከተበላ በኋላ እንቁራሪቷ ጠረጴዛው መሐል ቀረበች። ሰው ሁሉ ተነሳ። ስልኩን ያላወጣ የለም። በሎሚና በስኳር ውሃ ቀብቻት ስለነበር መብራቱ ጀርባዋ ላይ ያብለጨልጫል። ታዲያ ማንም አጠገቧ አልደረሰም! ሁሉም ክንድ ርቆ ነው የሚያያት።

ቄሱ ሳቅ ብለው «ይቺ ፈርዖንን የቀጣችው አይደለችም እንዴ? ማን ጋበዛት?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ረጋ ብለው «ወይንሸት፣ የጾም ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ አባታችን» አለች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ፣ በዚህ ብርድ።

«ከሱቅሽ ነው?»

ወይንሸት አፏን ስትከፍት ሕሊና ቀደመቻት። እንግዳው ፊት እንዳትናገር ተብላ ነበር፤ አላስቻላትም። «የሠራችልኝ እትዬ ስንዱ ናት! አዝላ ያሳደገችኝ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ አንድ ወጥመድ ነበር ያጠመድኩት፣ ልጅቷ ሳታውቅ ሁለተኛውን አጠመደችልኝ።

የማኅበሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ አሰለፈች፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ዘርግታ የነበረውን ሳህን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ መለሰች። ሌሎቹም መለሱ። ያቺ ደስ ያላት ልጅ ዙሪያዋን አየች፣ ምን እንደተፈጠረ አልገባትም። አሁን ወይንሸት ካልበላች የሚሞተው የልጅቷም ደስታ ነው።

ቢላዋውን አነሳሁ። ከጀርባዋ፣ ቢጫው መስመር ካለበት፣ ከነዘቢቡ ቆረጥኩ። ሹካ አልፈለግሁም፤ በእጄ ያዝኩትና ወደ ወይንሸት አፍ ዘረጋሁት።

«ባለቤት ሳትቀምስ እንግዳ አይበላም። ብዪ ወይንዬ።»

«ስንዱ... ጠግቤ...»

«አፈር ስሆን! ጉርሻ ይመለሳል እንዴ?»

ዓይኔን አየችኝ። ጽላት ፊት የቆመች ነበር የምትመስለው። ቄሱን አየች፣ ሴቶቹን አየች። መጨረሻ ላይ ልጇን አየች። አፏን ከፈተች። ጎረሰች። እንዴት እንዳላመጠች! የቸርችል ጎዳናን ዳገት በአፏ የምትወጣ ነው የሚመስለው። ዋጠች።

«ጣፋጭ ነው» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ ሳህን ሁሉ ተዘረጋ። እትዬ አሰለፈች ሁለተኛ ስትደግም «እንዴ፣ ይኼ ነው እንዴ እንቁላል አለው የተባለው?» አለች።

«ማነው እንዲያ ያለው?» አለች ወይንሸት።

«አንቺ ነሻ!»

ሳቁ! ሕሊና ግን አልሳቀችም። እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

ጓዳ ቢላዋውን ሳጥብ ወይንሸት ገባችና በሩን ዘጋች። «ንገሪኝ። በእመቤቴ። አለው የለውም?»

ይህን ሰዓት ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳየሁት! ቢላዋውን አደረቅሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ? የኔን ኬክ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አልኳትና ወጣሁ።


ሰኞ፣ ነሐሴ 11

በደንብ አልተኛሁም። እንዲህ አይደለም ያሰብኩት፤ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ ብዬ ነበር። የሕሊና ዓይን ነው።

ጠዋት ስልክ ደጋግሞ ጮኸ፣ አላነሳሁም። ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ወይንሸት! በእግሯ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ዓይኗ አብጦ። ይህን ቁልቁለት ከተለያየን ወዲህ ወርዳው አታውቅም። ግቢ አላልኳትም፣ ገባች።

«ሕሊና ትናንት ማታ ሁሉንም አስለፈለፈችኝ» አለች። «አታናግረኝም።»

ምድጃዬን መወልወል ያዝኩ።

«ነፍስ አባቴ ጋ ልሄድ ነው። ግን ምን ብዬ ልናገር? ገደፍኩ ልበል ወይስ ዋሸሁ ልበል? አንቺ ካልነገርሽኝ አላውቀውም።»

«የትኛው ይቀልሻል?»

አሰበች። አይ ወይንሸት፣ የምሯን አሰበች! «ገደፍኩ ማለቱ» አለች።

ሳላስበው ሳቅሁ። ድሮ ባንኮኒ ሥር ተደብቀን ክሬም ስንልስ የያዘን ዓይነት ሳቅ። እሷ አልሳቀችም።

ቁምሳጥኑን ከፈትኩና እንቁላሉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። «የገዛሁት ሁለት ነው። አንዱ ፀጉሬ ላይ ነው፣ እማማ ድንቄን ጠይቂ። ሁለተኛው ይኸው። እንቁራሪቷ ውስጥ ያለው ተልባ ነው። ሁልጊዜም ተልባ ነበር።»

እንቁላሉን አገላብጣ አየችው። ዱካዬ ላይ ተቀመጠች። «አልገደፍኩም» አለች። ቀጥላ በጣም ቀስ ብላ፣ «እንግዲያ የቀረኝ ሁለተኛው ነው።»

«ሁለተኛው ነው። ለነፍስ አባትሽ ብቻ አይደለም። ያልሽው ማኅበር ላይ ነው፤ በሃያ አንድ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ።»

እሺም እምቢም አላለችም። «ያኔ እኮ ኬክሽ ይነፋ ነበር፣ የኔ አይነፋም» አለች፣ እንደ ልጅ። ይቅርታ መሆኑ ነው? እኔ እንጃ። ልትቀጥል ነበር፣ አልቻለችም፣ ተነሳች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። እስከ በር ሸኘኋት፤ ለመዝጋት ነው እንጂ ለክብር አይደለም። እንቁላሉን ረስታው ይሁን ሆን ብላ፣ በሁለት እጇ እንደ ጧፍ ይዛው ወጣች። አልጠራኋትም። ቧንቧው ጋ ያሉት ሴቶች ዞረው ሲያዩዋት ውስጤ ቅቤ ጠጣ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁ። ሱቁ ጋ ስትደርስ የሸምሱ ድምፅ መጣ፤ «እትዬ ወይንሸት! አንቺም በፍልሰታ እንቁላል?»

ይበልሽ አልኩ በሆዴ። መልሺ እንግዲህ።

«ለፀጉሬ ነው» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ፣ ግቢው ሁሉ ሰማው። እሷም የሰማችኝ መሰለኝ፤ ከዳገቱ ላይ የሆነ ድምፅ መጣ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። ክረምት ነው፣ ሰው ሁሉ ያስላል።